ጎልፍ የምትጫወት ልጄ ክብደት ታንሳ ወይስ ይቅርባት?

እናት ከቨርጂኒያ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ16 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቷ ቡድን ጎልፍ ትጫወታለች። ሕልሟ ፕሮፌሽናል መሆን ነው፤ አሜሪካዊቷን ጎልፈኛ ኔሊ ኮርዳን አይታ አትጠግብም። ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ርቀት ግን የላትም። አሠልጣኟ «ጂም ግቢ፣ ስኳትና ዴድሊፍት ጀምሪ» አላት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳትና ክብደት ከመሬት ማንሳት ማለት ነው)። አባቷ ደግሞ «ጡንቻ ካወጣች ሰውነቷ ይደርቃል፣ ስዊንጓም (ዱላውን የምታወናጭፍበት መንገድ) ይበላሻል» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ቁመቷ ይቀጭጫል ያሉኝም አሉ። ለመሆኑ ጉልበት ለሴት ጎልፈኞች ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ እህቴ፣ አሠልጣኟ ልክ ነው። በኤልፒጂኤ (በሴት ፕሮፌሽናሎች ውድድር) የሚጫወቱ ሴቶች በድራይቨር (አርቆ በሚመታው ረጅም ዱላ) ሲመቱ የዱላው ፍጥነት በአማካይ በሰዓት 95 ማይል አካባቢ ነው። የወንዶቹ 115 አካባቢ ይደርሳል። ርቀቱን በዋናነት የሚወስነው ይህ ፍጥነት ነው። አንድ ማይል ሲጨመር በግምት 2 ያርድ ተኩል ይገኛል።

ፍጥነቱ ከክንድ የሚመጣ ይመስላል፤ መነሻው ግን እግር ነው። ልጅሽ ዱላውን ወደ ታች ልታወርድ ስትል ልብ ብለሽ እያት። እጇ ገና ላይ እያለ ክብደቷ ወደ ፊት እግሯ ይሄዳል። መሬቱን ትገፋለች፣ ዳሌዋ ቀድሞ ይዞራል፣ ደረትና ትከሻዋ ይከተላሉ፣ ዱላው መጨረሻ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ ብዙ ኪሎ ማንሳት ብቻውን አይበቃም፤ ጉልበቱን በቅጽበት ማውጣት አለባት። ከፍ ብላ የምትዘልና ከባድ ኳስ አርቃ የምትወረውር ተጫዋች ብዙ ጊዜ ዱላውንም ፈጥና የምታወናጭፈው ለዚህ ነው።

እጅና እግሯን እስከ መጨረሻው እየዘረጋችና እያጠፈች ከሠራች ክብደት አያደርቃትም። ቁመትም አያቀጭጭም። የሚጎዳው ያለ ተቆጣጣሪ፣ በተበላሸ አቋም፣ ከአቅም በላይ ማንሳት ነው።

የድሮ ተመልካች፦ ለአባትየው የአኒካ ሶረንስታምን ታሪክ ንገሪልኝ! ስዊድናዊቷ ቀድሞም ከምርጦቹ አንዷ ነበረች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጂም ገብታ ክብደት የምሯን ማንሳት ጀመረች፣ ርቀቷም ጨመረ። በ2001 አንዱን ዙር (18 ጉድጓድ) በ59 ምት ብቻ ጨረሰች (በጎልፍ ምት ሲያንስ ነው የሚሻለው)፤ በኤልፒጂኤ የመጀመሪያዋ ናት። በ2002 በኤልፒጂኤ 11 ውድድር አሸነፈች። በርግጥ ጡንቻ ብቻ አይደለም፣ ስዊንጓ ድሮም ግሩም ነበር። ግን ጂሙ አላበላሸውም።

ጎልፈኛው ከሜሪላንድ፦ እኔ ትንሽ እለያለሁ። ኮሪያዊቷ ኢንቢ ፓርክ ስዊንጓ ዝግ ያለ ነው፣ ከረጅም መቺዎች ተርታም አትቆጠርም። ሆኖም 7 ሜጀር (ታላላቆቹን ውድድሮች) አሸንፋለች፤ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ምስጢሯ ፓት ነው፣ ኳሷን አንከባሎ ጉድጓድ ማስገባት። ርቀት ጥሩ ነው፣ በ7 ብረት ፈንታ ለአጭር ርቀት በሚሆነው በ9 ብረት ዱላ ወደ ግሪኑ (ጉድጓዱ ወዳለበት ሣር) መምታት ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ለጂም ብላ የፓት ልምምዷን እንዳትቀንስ።

እናት ከቨርጂኒያ፦ ተባረኩ! ታዲያ ከምን ትጀምር? በሳምንት ስንቴ? ደግሞ ትጾማለች፣ ምግቡስ እንዴት ይሁን?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ በሳምንት ሁለቴ ይበቃታል፣ ቀን እያሳለፈች። መጀመሪያ አቋሟ እስኪስተካከል በቀላል ክብደት ስኳትና ዴድሊፍት፣ ፑሽ አፕ፣ ወደ ደረት የሚጎተት ክብደት፣ የጎን ፕላንክ (በአንድ ክንድ ተደግፎ በጎን ተዘርግቶ መቆየት)። ከዚያ ዝላይና ከባድ ኳስ ወደ ጎን መወርወር፤ ውርወራውን በግራም በቀኝም ትሥራ፣ ጎልፍ አንዱን ጎን ብቻ ነውና የሚያደክመው። የውድድር ዋዜማ እግሯን አታድክም። ታችኛው ወገቧን ወይም የእጅ አንጓዋን ካመማት ታቁም፤ ጎልፈኛን በብዛት የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው።

የኮሌጅ ተጫዋች፦ እትዬ፣ እኔም እጾማለሁ። ልምምድ ባለበት ቀን ምስር፣ ሽሮ ወይም ባቄላ ጠገብ አድርጋ ትብላ፤ ቶፉና የሱፍ ፍሬም ይጨመርላት። ከልምምድ በኋላ ባዶ ሆዷን ብዙ እንዳትቆይ። ብዙ እየሠራች ትንሽ ከበላች ጡንቻው አይመጣም። የወር አበባዋ ከቀረ ወይም ድካሙ አልለቅ ካላት ግን ሐኪም ጋ ይውሰዷት፣ የደም ማነስና የአይረን መጠኗን ያዩላታል። የንስሐ አባቷንም ያማክሩ።