«የቅሪተ አካል ነዳጅ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። «የቅሪተ አካል ነዳጅ» የሚለውን ሐረግ በትምህርት መጻሕፍትም በዜናም ደጋግሜ አነባለሁ። ቅሪተ አካል ሲባል ወደ ሐሳቤ የሚመጣው የድንቅነሽ አጽም ነው፤ ታዲያ ነዳጅ ከአጽም ይወጣል ማለት ነው? «ድፍድፍ ነዳጅ» የሚባለውስ እናቶቻችን ከሚደፈድፉት ድፍድፍ ጋር ዝምድና አለው?

መልስ፦ ግራ የሚያጋባው ስሙ ስለሆነ ከስሙ ልጀምር። «ነዳጅ» የወጣው «ነደደ» ከሚለው ግስ ነው። «ቅሪተ አካል» ደግሞ ለፎሲል የተሰጠ አቻ ቃል ሲሆን፣ የፎሲል ምንጭ የሆነው የላቲኑ «ፎሲሊስ» ግን በጥንት ትርጉሙ «ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ» ከማለት አያልፍም ነበር። የድንጋይ ከሰል በአውሮፓ በዚህ ቃል የተጠራው ተቆፍሮ የሚወጣ በመሆኑ ነው። ቃሉ በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ የቆየ የሕያዋን ቅሪት ወደሚለው ትርጉም የጠበበው ኋላ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ የተመለሰውም ይኸው የጠበበው ትርጉም ነው።

ነዳጅ ከአጽም አይወጣም። የድንጋይ ከሰል ከዕጽዋት የተገኘ ነው፤ በረግረግ ውስጥ የወደቀ ዛፍና ቅጠል ውሃው አየር ስለሚከለክለው ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ይከማቻል፣ ደለል ይጫነዋል፣ ከዚያም የላዩ ክብደትና የምድር ሙቀት በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ውሃውንና ጋዙን እያስወጡ ካርቦኑን ያበዙታል። ብዙ ያልበሰለው ሊግናይት ይባላል፤ ስሙም እንጨት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ በምትገኘው ጭልጋ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ደለል ውስጥ፣ የድንጋይ ከሰል ንጣፍም የጥንት የዝሆን ዘመዶች አጥንትም ተገኝቷል። ሁለቱ በአንድ አካባቢ ቢገኙም ከሰሉ የዕጽዋቱ እንጂ የአጥንቱ ውጤት አይደለም።

እዚህ ላይ «ከሰል» የሚለው ስም ለነገሩ እንዴት እንደሚቀርብ ሳላደንቅ አላልፍም። ከሰል አክሳይ እንጨቱን በሣርና በአፈር የሚያፍነው አየር አግኝቶ አመድ ሆኖ እንዳይቀር ነው፤ ረግረጉም የሚያደርገው አየር መንሣቱን ነው። ልዩነቱ የከሰል ምድጃው እሳት ሲኖረው ከመሬት በታች ያለው ሥራ ያለ እሳት መከናወኑና የጊዜው ርዝመት ነው።

ድፍድፍ ነዳጅ በአብዛኛው የሚገኘው በባሕርና በሐይቅ ውሃ ውስጥ ከኖሩ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕያዋን ነው። ሞተው አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ተቀብረው፣ ጭቃው ዐለት ሆኖ ወደ ጥልቀት ሲወርድና ሙቀቱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ዘይት ይወጣቸዋል፤ ከዚያ በላይ ሲግል ደግሞ ጋዝ ይበዛል። ዘይቱ በዐለቱ ቀዳዳዎች ወደ ላይ እየሾለከ ይወጣና የማያሳልፍ ዐለት ሲገጥመው ከሥሩ ይጠራቀማል። «ፔትሮሊየም» ማለት «የዐለት ዘይት» ማለት ነውና፣ ከመሬት በታች ሐይቅ ሠርቶ ይገኛል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ወደ «ድፍድፍ» ስንመጣ፣ ለእኔ ከሁሉ የተሳካው ስም ይህ ነው። የአረቄ ድፍድፍ ገና ያልወጣለት፣ ተሞቆ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ አረቄ የሚሆን ነገር ነው። ድፍድፍ ነዳጅም በማጣሪያ ውስጥ ይሞቅና፣ ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙና ናፍጣው እያንዳንዱ በሚተንበት የሙቀት መጠን ይለያያሉ። ስሙ የሚገልጸው ግን ከመጣራቱ በፊት ያለበትን ሁኔታ ነው፤ ከመሬት በታች የሚሆነው ሙቀት የሚሠራው መለወጥ እንጂ መፍላት አይደለም። በነገራችን ላይ «ናፍጣ» ከጥንቱ «ናፍታ» የመጣ ሲሆን፣ «ነፍጥ»ም ዘመዱ ነው፤ በዐረብኛ መጀመሪያ የሚነደውን ዘይት፣ ኋላም ባሩድን ሲያመለክት የነበረው ቃል ወደ እኛ ሲመጣ የመሣሪያ ስም ሆነ።

ሌላ አባል፦ እንግዲያው «የከርሰ ምድር ነዳጅ» ብንለው አይሻልም? «ከርሥ» በግእዝ ሆድ ነውና፣ ከምድር ሆድ የወጣ ማለት ወደ ላቲኑ የጥንት ትርጉም ይመልሰናል።

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ነገር ግን የኑክሌር ነዳጅ የሆነው ዩራኒየምም ከከርሰ ምድር ተቆፍሮ ስለሚወጣ፣ ሕይወት ከነበረው የመጡትን ከሌላው የሚለይልን «ቅሪተ አካል» ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙን ትተን ፍቺውን ማስተካከል ይበጃል። በመዝገበ ቃላት እንዲህ ቢቀመጥ እመርጣለሁ፦ «የቅሪተ አካል ነዳጅ፦ በጥንት ዘመን የኖሩ ዕጽዋትና ደቂቅ ሕያዋን አየር በሌለበት ተቀብረው፣ በምድር ውስጥ ሙቀትና ጫና በሚሊዮኖች ዓመታት ተለውጠው የሆኑት የድንጋይ ከሰል፣ ድፍድፍ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ።»