የኮሮናሪ ቧንቧ ልኬትና ናይትሮግሊሰሪን፦ ማስተካከያ የምታውቁ?

የሁለት ሕዝቦችን የኮሮናሪ (ልብን የሚመግብ) ደም ቧንቧ ስፋት ከሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ቧንቧ የሲቲ ምስል) እያወዳደርን ተይዘናል። በሰውነት የገጽ ስፋት ስናካፍለው ልዩነቱ በጣም ጠበበ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግራ ቧንቧ የበላይ የሆነባቸውንም (የልባቸውን የኋላ ታችኛ ክፍል ከቀኙ ይልቅ ግራው የሚመግብላቸውን) ለይተናል፤ በእነሱ ቀኙ ቧንቧ በአማካይ 2.8 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን በሌሎቹ 3.9 ይደርሳልና መደባለቅ ያሳስታል።

ያስቸገረን ግን አንዱ ማዕከል ከምርመራው በፊት 0.8 ሚሊግራም ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር መስጠቱ፣ ሌላው አለመስጠቱ ነው። መድኃኒቱ ቧንቧ ያሰፋል፤ እያንዳንዱ ማዕከል ደግሞ አንድ ሕዝብ ብቻ ስላለው ስታቲስቲክሱ የመድኃኒቱን ውጤት ከሕዝቦቹ ልዩነት ሊለይ አይችልም። ቋሚ ቁጥር መቀነስም አያዋጣም፣ ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ከወፍራሞቹ ይበልጥ በመቶኛ ይሰፋሉና። የግራውን ዋና ግንድ (ግራው ቧንቧ ከመከፋፈሉ በፊት ያለውን ወፍራም ክፍል) ብቻ ብንወስድ ያስኬዳል? ወይስ መድኃኒቱ ያልተሰጣቸውን ከሦስተኛ ማዕከል ከመጨመር ሌላ መውጫ የለም? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩን።