ጌማችንን በስቲም ልንለቅ ነው፤ የት የት አገር ሊታገድብን ይችላል?

የሸዋ_ኮደር፦
ሰላም ወገኖች፣ ጤና ይስጥልኝ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለነበሩት አርበኞች የሚተርክ የኮምፒውተር ጌም እየጨረስን ነው። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር በኩል ለዓለም ሁሉ ልንሸጠው አስበናል። መግቢያው ላይ ሂትለር በ1938 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሮምን ሲጎበኝ የሚያሳይ ትዕይንት አለ፤ የስዋስቲካው ባንዲራ በግልጽ ይታያል። ተጫዋቹ ሲደክመው ጫት ቅሞ ጉልበቱን ይመልሳል። ጠጅ ቤት ገብቶ በማርትሬዛ ብር ካርታ መጫወትም ይችላል። ደም አለ፣ ግን የሰው አካል ሲቆራረጥ አይታይም። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው፣ የት አገር ያሳግደናል? ደግሞስ ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉት ብቻ ዋጋ ዝቅ ማድረግ ይቻላል?

ሰሌዳ27፦
ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው ስዋስቲካው ሳይሆን ጫቱ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አይጠብቅም።

በአውስትራሊያ የጌም የዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ መመሪያ፣ የተከለከለ ዕፅ መጠቀም ለተጫዋቹ ማበረታቻ ወይም ሽልማት የሚያስገኝ ከሆነ ጌሙ ደረጃ ይነፈገዋል። ደረጃ የተነፈገ ጌም እዚያ አገር አይሸጥም፣ አይተዋወቅም። ልብ በሉ፣ ገጸ ባሕሪው ሲቅም መታየቱ ብቻውን አይደለም የሚያስከለክለው። ችግሩ ቅሞ ጉልበት ማግኘቱ ነው። ጫት ደግሞ አውስትራሊያ ያለ ፈቃድ የማይገባ ተክል ነው። በ2008 ፎልአውት 3 እዚያ የተከለከለው በውስጡ ባለው ሞርፊን ምክንያት ነበር፤ ሠሪዎቹ ስሙን "ሜድ-ኤክስ" ወደሚል የፈጠራ ስም ሲቀይሩት አለፈ። ዲስኮ ኤሊሲየም፦ ዘ ፋይናል ከትም በመጋቢት 2021 ተከልክሎ፣ በግንቦት በይግባኝ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ ተፈቀደ። የይግባኝ ቦርዱን ያሳመነው፣ ዕፁን ደጋግሞ መውሰድ ውሎ አድሮ ተጫዋቹን እንደሚጎዳው በጌሙ አሠራር ውስጥ መታየቱ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው አንድ ብቻ አይደለም። ተክሉን በስምም በመልክም የፈጠራ ቅጠል ማድረግ ትችላላችሁ። ወይም ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ እጥፍ እንዲሆን፣ ሀራራው እጅ አንቀጥቅጦ ተኩስ እንዲያስት ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን የገምጋሚውን ፍርድ መጠበቅ ይጠይቃል። እኔ ብጠየቅ ጉልበት መመለሻውን ለበሶ እሰጠዋለሁ። የአርበኛ ስንቅ እሱ ነው፣ ማንም አገር አይከለክለውም። መቃሙን ከፈለጋችሁ ያለ ጥቅም፣ እንደ ጨዋታ ወግ ብቻ ተዉት።

ስቲም ራሱ "የአውስትራሊያ ደረጃ አምጡ" ብሎ አያስገድድም። ደረጃ የተነፈገ ጌም ግን እዚያ ከመደብሩ ይወጣል፤ ሆትላይን ማያሚ 2 በ2015 እንዲህ ነው የሆነው። ወደፊት ወደ ስልክ ካመራችሁ ነገሩ ይጠነክራል፤ በጎግል ፕሌይ የምትሞሉት የጋራ መጠይቅ የአውስትራሊያን ውሳኔ ወዲያው ያወጣዋል።

ካርታውም ይታሰብበት። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ቁማር የሚያስመስል ጨዋታ ያለበት ጌም እዚያ ለ18 ዓመት ክልል ይገባል። በአውሮፓ ባላትሮ የተባለው የካርታ ጌም የፖከር መልክ ስላለው ብቻ 18 ተሰጥቶት ነበር፤ በይግባኝ ወደ 12 የወረደው በየካቲት 2025 ነው። ብር ማስያዙን አውጥታችሁ ካርታ መጫወቱን ብቻ ብትተዉት ጥያቄው በአብዛኛው ይወገዳል።

የኔታ_ፒክስል፦
ጀርመንን እኔ ልመልስ። እዚያ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ፣ አትቀላቅሏቸው።

የመጀመሪያው ቅጽ ነው። ከኅዳር 2024 አጋማሽ ጀምሮ የዕድሜ ደረጃ የሌለው ጌም ጀርመን ላለ ገዢ በስቲም አይታይም። ደረጃው ከዩኤስኬ (ከጀርመኑ የጌም ደረጃ ሰጪ ድርጅት) ሊሆን ይችላል፤ ከሌላችሁ ግን በስቲምወርክስ (የስቲም የጌም ሠሪዎች ገጽ) ውስጥ ያለውን የይዘት መጠይቅ ሞልታችሁ ስቲም ራሱ የሚያወጣው ደረጃ ይበቃል፣ ክፍያም የለውም። ብዙ ጌም ከጀርመን መደብር የጠፋው ሳንሱር ተደርጎ ሳይሆን መጠይቁን የሚሞላ ሰው ስላልነበረ ነው። ዓመፅ፣ ደም፣ አልኮል፣ ዕፅና ቁማር የሚሉትን እንዳለ ሙሉ፤ ዝቅ አድርጎ መሙላት በኋላ ቅሬታ ሲመጣ ገጹን ያስነሳል። በጌማችሁ ያለው ደም እዚያ አያሳስብም። ዱም በ1994 ለወጣት ጎጂ ከተባሉት ዝርዝር ገብቶ በ2011 ወጥቷል፤ ዘመኑ ተቀይሯል።

ሁለተኛው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 86ሀ የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሰራጨት ይከለክላል፤ ለሥነ ጥበብ፣ ለታሪክና ለትምህርት የሚሆን ክፍተት ግን አለው። ዩኤስኬ ያን ክፍተት ለጌምም በየጉዳዩ እየመረመረ መጠቀም የጀመረው በነሐሴ 2018 ነው። ከዚያ በፊት በ2017 የወጣው የዎልፈንስታይን 2 የጀርመን ቅጂ የሂትለርን ጺም እንኳ አስላጭቶ ነበር። ከለውጡ በኋላ ምልክቱን ሳይሸፍን የወጣው ስሩ ዘ ዳርከስት ኦፍ ታይምስ ደግሞ በርሊን ውስጥ ናዚን በኅቡዕ ስለታገሉ ሰዎች ነው፤ የእናንተን ይመስላል። ስለዚህ ክርክሩ ለእናንተ ይመቻል። ነገር ግን ያን ምርመራ የሚያደርገው ዩኤስኬ ነው። የስቲም መጠይቅ ዕድሜ ይወስናል እንጂ ምልክቱ ሕጋዊ ነው ብሎ አይመሰክርላችሁም። ለዩኤስኬ መክፈል ካልፈለጋችሁ ባንዲራውን ከትዕይንቱ አውጡት። ከማስታወቂያ ቪዲዮውና ከመደብር ገጹ ሥዕሎችም አውጡት፣ እነሱም ስርጭት ናቸው።

ለጀርመን ብቻ የተለየ ቅጂ ማውጣት ይቻላል፤ ፋይሎቹን በሌላ ዲፖ (በስቲም የፋይል ማስቀመጫ) ታስቀምጡና በአገር የተገደበ ፓኬጅ (የሽያጭ ጥቅል) ታሠራላችሁ። ግን ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ማስተካከያ ሁለት ጊዜ መሥራትና መሞከር ይመጣል። ከዚህም በላይ የዓለሙን ቅጂ ቁልፍ (ጌሙን በስቲም የሚያስከፍተውን ኮድ) ከውጭ ገዝቶ ጀርመን ውስጥ የሚያስገባ ሰው ያልተቆረጠውን ቅጂ ያገኛል፣ ለዚህ ሌላ ገደብ ያስፈልጋል። ለጥቂት ሰከንድ ትዕይንት ብላችሁ እዚያ አትግቡ፤ አንድ ቅጂ ለሁሉም ይሁን።

ማዕበል፦
የኔታ ያለው ትክክል ነው። የጊዜውንም ነገር አስቡበት። የ100 ዶላሩን ክፍያ ከፈጸማችሁ በኋላ ጌሙን ለመልቀቅ 30 ቀን መሙላት አለበት፤ ገጹም ቢያንስ ሁለት ሳምንት "በቅርብ ቀን" ተብሎ መቆየት አለበት። ለግምገማ ከ3 እስከ 5 የሥራ ቀን ይዛችሁ አስሉ። ባንዲራውንና ጫቱን ከግምገማ በፊት እንጂ በኋላ አትነካኩ።

ከመልቀቃችሁ በፊት የግድግዳ ሥዕሉን፣ ጋዜጣውን፣ ፖስተሩን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሹ። ዲቮሽን የተባለው የታይዋን ጌም በየካቲት 2019 ከስቲም የወረደው ታሪኩ አስቆጥቶ ሳይሆን፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ አንድ ወረቀት ላይ በቻይናው መሪ ላይ የሚሳለቅ ጽሑፍ ስለተገኘ ነው። ጎግ የተባለው ሌላ የጌም መደብር በታኅሣሥ 2020 እሸጠዋለሁ ብሎ በዚያው ቀን ሐሳቡን ቀየረ። ሠሪዎቹ በመጋቢት 2021 በራሳቸው ድረ ገጽ መሸጥ ጀመሩ። በእኔ እምነት እያንዳንዱ ቡድን ያለ ዲአርኤም (ያለ ቅጂ መከላከያ) የሚሠራ ቅጂና የራሱ መሸጫ ከመጀመሪያው ቢያዘጋጅ ይበጀዋል።

ስለ ሳዑዲ አልጠየቃችሁም፣ ግን እዚያ ብዙ ወገን አለን። በ2023 ፋይናል ፋንታሲ 16 ያልወጣው፣ አሳታሚው የተጠየቀውን ማሻሻያ አላደርግም በማለቱ እንደሆነ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገልጿል። እናንተ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ያው ጫቱና ቁማሩ ይሆናል።

የሸዋ_ኮደር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጫቱን በበሶ እንተካዋለን፣ ባንዲራውም ይወጣል። የዋጋውስ ነገር? አንዳንዶች ተጫዋቾች በቪፒኤን (ያሉበትን አገር በሚደብቅ ፕሮግራም) ርካሽ አገር መርጠው ይግዙ ይሉናል።

ማዕበል፦
እንደዚያ ብላችሁ አትምከሩ። ቦታን በቪፒኤን ደብቆ መግዛት የስቲምን ውል ይጥሳል፣ የሚታገደው የገዢው አካውንት ነው። የመደብር አገር መቀየርም የዚያን አገር የክፍያ ዘዴ ይጠይቃል፤ አንዴ ከተቀየረ ደግሞ ሦስት ወር ይጠበቃል።

ስቲም ብር አይቀበልም። ከኅዳር 2023 ወዲህ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ የተለየ የዶላር ዋጋ አለ፤ ሱዳንና ግብፅ ውስጡ ናቸው፣ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚያየው የአሜሪካውን ዋጋ ነው፤ ለኢትዮጵያ ብቻ የምትሞሉት ሣጥን የለም።

የሚቀረው መንገድ ይህ ነው። የስቲም ቁልፍ በቴሌብር በርካሽ አትሽጡ፤ የስቲም ገዢ ከሌላው የባሰ ዋጋ እንዳይቀርብለት የቁልፍ ደንቡ ይጠይቃል። ቁልፍ ያልሆነውን፣ ስቲም የማያስፈልገውን ቅጂ ግን በራሳችሁ ገጽ በብር መሸጥ ትችላላችሁ፣ ያ ደንብ የሚናገረው ስለ ቁልፍ ነው። ፋይሉን በክፍል በክፍል አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥል።

ሰሌዳ27፦
አንድ ልጨምር። ለአውሮፓ ገበያ ቁልፍ የሚሸጥ አከፋፋይ "ለፖላንድና ለሃንጋሪ ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ስጡኝ" ካላችሁ እንቢ በሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን በጥር 2021 የስቲም ባለቤት የሆነውን ቫልቭንና አምስት አሳታሚዎችን በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ለዚሁ ነው፤ ፍርድ ቤቱም በ2023 የቫልቭን ይግባኝ ውድቅ አድርጓል።

ፕሌይስቴሽን ላይም ለመውጣት ካሰባችሁ፣ በፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት) የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ እንደሌለች እወቁ። ሄልዳይቨርስ 2 በግንቦት 2024 የፒኤስኤን አካውንት ግዴታ ይሆናል ሲባል፣ በስቲም ላይ ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወርዶ ነበር። ግዴታው በቀናት ውስጥ ቢነሳም ሽያጩ ወዲያው አልተመለሰም። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ቅጂያችሁ ውስጥ የሌላ ድርጅት አካውንት የሚጠይቅ ምንም ነገር አታስገቡ።