ለጽሑፍ ሮልፕሌይ ግሩፓችን የካራክተርና የምግባር ደንብ እንዴት እናውጣ?

የሂርማታ ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነኝ። እኔና ጓደኞቼ በቴሌግራም በአማርኛ የሚጻፍ ሮልፕሌይ እንጫወታለን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር ይይዛል፤ ታሪኩን በየተራ እንጽፋለን። ዓለሙን የፈጠርነው ራሳችን ነን። በጊቤ ወንዝ አካባቢ ያለ የድሮ መንግሥት ነው። ትልቅ ገበያ አለው፣ የቡናና የማር ነጋዴዎች አሉት፣ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አለ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ከየት እንደተነሳን ወዲያው ይገባዋል።

መጀመሪያ የምንተዋወቅ ልጆች ብቻ ስለነበርን ደንብ አላስፈለገንም። አሁን ግሩፑ ሰፍቷል። ከአጋሮ፣ ከመቱ፣ ከአዲስ አበባም ሰው ገብቷል።

ትልቁ ችግር ይሄ ነው። አንድ አዲስ ተጫዋች የማይቆስል፣ የማይሞት፣ ሁሉን የሚያውቅ ጦረኛ ይዞ መጣ። ገበያ ውስጥ በነበረ ትዕይንት የሌላ ልጅ ካራክተርን «አንገቱን ቆረጥኩት፣ ሞተ» ብሎ ጻፈ። ልጁ ያንን ካራክተር ግሩፑ ሲከፈት ጀምሮ ነው የያዘው። ምንም ሳይናገር ወጣ።

ሌላው፣ በካራክተር ስም መሰዳደብ ተጀምሯል። ብሔርና ሃይማኖት ይነካል። ስንናገር «እኔ አይደለሁም፣ ካራክተሬ ነው» ይሉናል። የሃይስኩል ልጆችም ገብተዋል፤ የፍቅር ትዕይንት የሚጽፉ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ አሉ። ይሄኛው እንቅልፍ እየነሳኝ ነው። አንዱ ደግሞ አባ ጅፋርን ራሳቸውን ልጫወት ብሏል፤ ምን እንደምመልስለት አላውቅም።

ከአድሚኖቹ አንዱ በጣም ረጅም ደንብ ጽፎ ፒን አደረገ። ማንም አላነበበውም። ሰው የሚያነበው፣ ጨዋታውንም የማይገድል ደንብ እንዴት ይወጣል?

ዳይስ ወርዋሪ

እህቴ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመፍታት አትሞክሪ። የጦረኛውን ጉዳይ የሚፈታ አንድ ደንብ አለ፤ ከሁሉም በፊት እሱን አውጡት። ሙከራውን አንተ ትጽፋለህ፣ ውጤቱን ግን የሚደርስበት ሰው ይጽፋል።

በምሳሌ ላሳይሽ። «ጦሬን ወደ ደረቱ ወረወርኩ» ይቻላል። «ጦሬ ደረቱን በሳው» አይቻልም። ጦሩ ይሳተው፣ ይቧጭረው ወይም ያቁስለው የሚወስነው የካራክተሩ ባለቤት ነው። ይሄን የጣሰ መልእክት ይሰረዛል፤ ክርክር የለውም። ገበጣ ላይ እንኳ የሌላውን ተራ አንስተህ አትጫወትለትም።

በተቃራኒውም የሚያበላሽ አለ። ሁልጊዜ የሚያመልጥ፣ አንድም ጦር የማያገኘው ተጫዋች እኩል ያሰለቻል። ለእሱ ዳይስ ተጠቀሙ። ቴሌግራም ላይ የዳይሱን ኢሞጂ ብቻውን ስትልኪው ራሱ ይንከባለልና ከ1 እስከ 6 አንድ ቁጥር ያወጣል። ላኪው ቁጥሩን መምረጥ አይችልም። ለምሳሌ 1 እና 2 ከወጣ ሳተ፣ 3 እና 4 ከወጣ ቀላል ጉዳት፣ 5 እና 6 ከወጣ ከባድ ጉዳት በሉ። ዳይሱ እዚያው ግሩፑ ውስጥ፣ ሙከራው ከተጻፈ በኋላ ይጣል። ፎርዋርድ ተደርጎ የመጣ ዳይስ አይቆጠር።

ሞት ግን በዳይስም ቢሆን አይወሰን። ካራክተር የሚሞተው ባለቤቱ ሲስማማ ብቻ ይሁን። ሰው ብዙ ጊዜውን ያፈሰሰበትን ነገር አንድ የማያውቀው ሰው በአንድ መስመር ሊያጠፋበት አይገባም።

የቤተ መንግሥት ዘበኛ

ዳይስ ወርዋሪ ባለው እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኃይለኛ ካራክተርን አትከልክሉ። ሰው ኃይለኛ መሆን ስለሚፈልግ ነው የሚጫወተው። ይልቅ ለእያንዳንዱ ጥንካሬ አንድ እውነተኛ ድክመት ጠይቁ። «ድክመቱ ደግነቱ ነው» የሚለውን አትቀበሉ። ጦር ሜዳ ላይ የማይሸነፍ ከሆነ ዕዳ ይኑርበት፣ ገበያ ውስጥ ማንም አይመነው፣ ወይም ሌሊት ዓይኑ አይይለት። ድክመቱ ሌላ ተጫዋች ሊጠቀምበት የሚችል መሆን አለበት።

«ሁሉን ያውቃል» የሚለው ደግሞ የራሱ ደንብ ይፈልጋል። አንተ ግሩፑ ላይ ስላነበብክ ካራክተርህ አያውቅም። ሁለት ነጋዴዎች ቤት ዘግተው የተማከሩትን ጦረኛው የሚያውቀው በር ሥር ቆሞ ከሰማ፣ ወይም ሰው ከነገረው ነው። ሜታጌሚንግ የሚሉት ይሄንን ነው፤ ሴራና ምስጢር ያለበትን ታሪክ ከጦርነት በላይ ያፈርሳል።

የድሮ ተጫዋች

ከዚህ በፊት ሌሎች የደረሰባቸውን ማወቅ ይጠቅማችኋል። የጽሑፍ ጨዋታ አዲስ አይደለም። ሙድ የሚባለው፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በጽሑፍ የሚጫወትበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ የመጀመሪያው በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተሠራ። ሮይ ትሩብሾ ጀመረው፣ ሪቻርድ ባርትል አሳደገው።

ለእናንተ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ላምዳሙ ነው። ፓቬል ከርቲስ በ1990 የከፈተው፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ የሚካሄድበት ዓለም ነበር። በ1993 አንድ ተጫዋች «ቩዱ አሻንጉሊት» በሚባል ፕሮግራም ተጠቅሞ ሌሎች ካራክተሮች ያላደረጉትን እንዳደረጉ አስመስሎ ጻፈ። የጻፈው ወሲባዊ ጥቃት ነበር፤ ሁሉም በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ። በስክሪን ላይ ያለ ቃል ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አልተቻለም። የተደረገባቸው ሰዎች በእውነት ተጎድተዋል።

ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ተከራከሩ፤ ሳይስማሙ ተበተኑ። ማን እንደሚወስን አስቀድሞ የተቀመጠ ነገር አልነበረማ። በመጨረሻ አንድ አስተዳዳሪ በራሱ ውሳኔ የአጥፊውን አካውንት አጠፋው። ከዚያ በኋላ ነው ከርቲስ ተጫዋቾች ሐሳብ አቅርበው ድምፅ የሚሰጡበትን ሥርዓት የዘረጋው።

የናንተም ጦረኛ ያደረገው በመሠረቱ ያንኑ ነው፤ መጠኑ ቢያንስም የሌላውን ሰው እጅ ይዞ ጻፈበት። ስለዚህ ደንቡን ስትጽፉ ማን እንደሚወስንና ተቀጪው ለማን ይግባኝ እንደሚል አብራችሁ ጻፉ።

የሂርማታ ጸሐፊ

በጣም አመሰግናለሁ። ወንድሞቼ፣ አንድ የረሳሁት አለ። እዚህ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይቆራረጣል። ሰው ውጊያ መሃል ይጠፋና ሌላው «ስላልመለሰ ተሸነፈ» ይላል። ምን እናድርግ?

ዳይስ ወርዋሪ

ዝምታ ሽንፈት አይደለም ብላችሁ ጻፉ። ሰው ከጠፋ ካራክተሩ ከትዕይንቱ ዞር ይላል፤ ሰው መሃል ተሰወረ ወይም ዘበኞች ለያዩዋቸው ይባላል። ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ሲመለስ በነበረበት ጤንነት ይመለሳል። ከዚያ በላይ አታወሳስቡት።

መምህር ከቆጪ

የአባ ጅፋርን ነገር እኔ ልመልስ፣ ታሪክ ስለማስተምር።

ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለአፄ ምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የአገራቸውን የውስጥ አስተዳደር አስጠበቁ። ቤታቸው ጅሬን ላይ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። ዘመዶቻቸው አሉ፣ የሚያከብራቸው ሕዝብ አለ። አንድ ልጅ እሳቸውን ይዞ በየማታው ያላሉትን ሲያስብላቸው፣ ያላደረጉትን ሲያስደርጋቸው ነገ ጨዋታው ጸብ ይሆናል። ስክሪንሾቱ ከግሩፑ ሲወጣ ደግሞ ጨዋታ መሆኑን ማንም አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በእውነት የኖረ ሰው ካራክተር አይሆንም በሉ። ከታሪክ ግን የፈለጋችሁትን ውሰዱ። የጊቤ አገሮች ጅማ፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ነበሩ፤ እናንተ ስድስተኛ ፍጠሩ። ንጉሡም የራሱ ስም ይኑረው። እንደውም ያኔ የፈለጋችሁትን ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ብልህ፣ ጨካኝ፣ ፈሪ። እውነተኛው ንጉሥ ያን ነፃነት አይሰጣችሁም።

ስምሽን «የሂርማታ ጸሐፊ» ስላልሽ አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ሂርማታ ትልቅ የንግድ ቦታ ነበር፤ ቡናና ማር ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሸጥበት ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጊቤ ገበያ እየጻፋችሁ ይሄን እንደሌለ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። ነገር ግን ለመዝናኛ የሚገዛና የሚገረፍ ሰው መጻፍም ነውር ነው። የእነዚያ ሰዎች ልጅ ልጆች እዚሁ ከተማ ከእኛ ጋር አሉ።

የሮልፕሌይ ተጫዋቾች መስመርና መጋረጃ የሚሉት ዘዴ እዚህ ይረዳል። መስመር ማለት ፈጽሞ የማይጻፍ ነገር ነው። መጋረጃ ማለት በታሪኩ ውስጥ አለ፣ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ይቀራል፤ በዝርዝር አይጻፍም። እኔ ብሆን የሰው ንግድን ከመጋረጃ ጀርባ አደርገው ነበር። አንድ ካራክተር ያመለጠች ሴት መሆን ትችላለች፤ ነጋዴውን መቃወም፣ መንገድ መዝጋት ይቻላል። ሽያጩን ግን ማንም አይጽፍም። አስገድዶ መድፈርና ሕፃን ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ነገር ደግሞ መስመር ነው፤ በምንም ምክንያት አይገባም።

የሂርማታ ጸሐፊ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የሰው ንግዱን ጉዳይ ለግሩፑ እርስዎ እንደነገሩኝ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

የሁለት ልጆች እናት

የልጆቹ ነገር ነው እኔን ያሳሰበኝ። ልጄ እንዲህ ያለ ግሩፕ ውስጥ አለች፤ ጽሑፏ ተሻሽሎላታል፣ ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ልጆችን አስወጪ አልልሽም።

ግን በግልጽ ጻፉ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች የፍቅር ትዕይንት ውስጥ አይገባም፤ ካራክተሩ የ40 ዓመት ሰው ቢሆንም አይገባም። የሚቆጠረው የተጫዋቹ ዕድሜ ነው። ካራክተሩ ልጅ ከሆነም ማንም ተጫዋች የፍቅር ነገር አይጽፍበትም። ትልልቆቹ ከልጆቹ ጋር በግል መስመር ትዕይንት አይጫወቱ፤ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን። አንድ ትልቅ ሰው «ና በግል እንጨርሰው» ካለ፣ ልጁ ለማን እንደሚናገር በስም ይወቅ። ከአድሚኖቹ ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ ሴት ልጆቹ ለመናገር ይቀላቸዋል።

ማንነቱ ያልታወቀ

ዕድሜ ማጣራት አይቻልም እኮ። ሁሉም 18 ነኝ ይላል።

የሁለት ልጆች እናት

ልክ ነህ፣ መታወቂያ ጠይቁ አልልም፤ የልጅ መታወቂያ መሰብሰብ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። ለዚህ ነው የጋራው ግሩፕ ለሁሉም የሚሆን መሆን ያለበት። ፍቅር ካለ በመጋረጃ ይለፍ፤ ተሳሳቁ፣ በሩ ተዘጋ፣ ነጋ። እንዲህ ከሆነ ልጅ ዋሽቶ ቢገባም የሚያገኘው የሚጎዳው ነገር አይኖርም።

ማንነቱ ያልታወቀ

እሺ፣ ይሄ ያስኬዳል። ስድቡን በተመለከተ ግን ልከራከር። ሁሉንም ስድብ ከከለከላችሁ ክፉ ካራክተር አይኖርም። ባላንጣ የሌለው ታሪክ ማን ያነባል?

የድሮ ተጫዋች

ክፉው ይኑር፤ ይሳደብም። የሚሳደበው ግን በዚያ ዓለም ውስጥ ባለ ነገር ይሁን። የራሳችሁን ጎሳዎች ፈጥራችኋል አይደል? «እናንተ የወንዝ ማዶ ሰዎች ሚዛን ትሰርቃላችሁ» ይበል። ይሄ ማንንም ቤቱ ገብቶ አይነካም፤ ክፋቱንም ሳይቀንስ ያስተላልፋል። የእውነተኛ ብሔርና ሃይማኖት ስም ከተጠራ ግን ካራክተሩ አይደለም የተናገረው። ያንን ስም ሲሰማ የሚያመው ስልኩን ይዞ የተቀመጠው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ በአገራችን እንዲህ ያለ ቃል ምን እንደሚያመጣ ለማንም አልነግርም።

ከጨዋታ ውጪ የሆነ ንግግርን በድርብ ቅንፍ ውስጥ እንዲጽፉ አድርጉ፤ ወይም ቴሌግራም ላይ ለጨዋታና ለወሬ የተለያየ ቶፒክ ክፈቱ። ማን እያወራ እንደሆነ ሲለይ «ካራክተሬ ነው» የሚለው ማምለጫ ይጠባል። ደግሞ ማንም ሰው «ኤክስ» ብሎ ከጻፈ ትዕይንቱ ወዲያው ይቁም። ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይኑር።

የሂርማታ ጸሐፊ

ዛሬ ማታ ለአድሚኖቹ የምልከው ረቂቅ ይሄ ነው፤ እዩልኝ።

«ሙከራህን ጻፍ፣ ውጤቱን ለባለቤቱ ተው። ካልተስማማችሁ ዳይስ ይጣል። ካራክተር የሚሞተው ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው። ካራክተርህ ያላየውንና ያልሰማውን አያውቅም። ጥንካሬ ያለው ድክመትም ይኑረው። የኖረ ሰውና የእውነተኛ ብሔር ወይም ሃይማኖት ስድብ አይገባም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች የፍቅር ትዕይንት አይጫወትም፤ ልጅ በሆነ ካራክተርም ላይ አይጻፍም። ከልጅ ጋር በግል መጫወት ክልክል ነው። መድፈር በምንም መልኩ አይጻፍም። ኤክስ ከተባለ ሁሉም ያቆማል። ዝም ያለ አልተሸነፈም።»

ቅጣቱን እንዴት እናድርገው? ያንን ጦረኛስ እናባርረው?

የቤተ መንግሥት ዘበኛ

በጣም ጥሩ ነው፤ አሳጥረሽዋል። አንድ ስክሪን ላይ ስለሚያልቅ ይነበባል። አዲስ የሚገባ ሰው ካራክተሩን ሲያስመዘግብ አንብቤያለሁ ብሎ ይጻፍ።

ለተራ ጥፋት መጀመሪያ በግል ተናገሩ፤ ሰው ፊት አታዋርዱት። ከደገመ ለተወሰነ ጊዜ ሚውት፣ ከዚያ ባን። የልጆቹንና የመድፈሩን ደንብ ለጣሰ ግን ማስጠንቀቂያ የለም፤ ያኔውኑ ይውጣ። አድሚንም ተመሳሳይ ቅጣት ይቀጣ። በራሱ ካራክተር ጉዳይ ላይ ግን አድሚን አይፍረድ፤ ሌላው ይየው። የተሰረዘና የተቀየረ መልእክት በግሩፑ የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች መዝገብ ውስጥ ለ48 ሰዓት ለአድሚኖች ይታያል። ክስ ሲመጣ ቶሎ ክፈቱት፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋል።

ጦረኛውን ደንብ ሳይኖር ባደረገው አታባርሩት። ደንቡን ላኩለት፣ ድክመት እንዲጨምር ጠይቁት፣ የገበያውን ትዕይንት ሰርዙት። የወጣውን ልጅ ደግሞ አንቺ ራስሽ ደውዪለት። ካራክተሩ አልሞተም በዪው፤ ትዕይንቱን ጥቃቱ ከተሰነዘረበት ጀምሮ እሱ ይጻፈው።