የጊኒ ፒጋችን የሽንት ሕመም ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ፤ ያልተመለከትነው ነገር ምንድን ነው?

የቡኒ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ። የአሥር ዓመቷ ልጄ የምታሳድጋት፣ አራት ዓመት የሞላት ቡኒ የምትባል ሴት ጊኒ ፒግ (ሣር የምትበላ፣ አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ) አለችን። ባለፉት አሥር ወራት ውስጥ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ ስትሸና በቀጭን ድምፅ ትጮኻለች፣ ጀርባዋን አጉብጣ ትቆያለች፣ በምናነጥፍላት ነጭ ጨርቅ ላይም ሮዝ የመሰለ ነጠብጣብ እናገኛለን። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የወሰድናት ሐኪም ሆዷን ዳስሶ የሽንት ኢንፌክሽን ነው በማለት የአሥር ቀን ፈሳሽ አንቲባዮቲክ አዘዘላት። መድኃኒቱን እየወሰደች ሳለ ይሻላታል፤ ካቆመች ከአምስት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ያው ሕመም ይመለስባታል። ክብደቷም በአንድ ወር ውስጥ ከ1,020 ግራም ወደ 930 ግራም ወርዷል።

ድርቆሽ ከፊቷ አይጠፋም፤ የምንገዛውም ትንሽ ሳለች የለመደችውን ቅጠል የበዛበትን ዓይነት ነው። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ጎመን በቀነጠሰች ቁጥር ለቡኒ ድርሻዋን ሳትሰጥ አታልፍም። ይህም በሳምንት አራት ቀን ያህል ሲሆን፣ በጾም ወቅት ግን በየቀኑ ነው ማለት ይቻላል።

ቀጠሯችን የፊታችን ሰኞ ነው። እስከዚያ ድረስ ከልጄ የተረፈውን አሞክሳሲሊን በጥቂቱ ብሰጣት ይጎዳት ይሆን? ሐኪሙንስ በዚህ ጊዜ ምን ብዬ ልጠይቀው?

የእንስሳት ነርስ (ዴንቨር)

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አሞክሳሲሊኑን እንዳይሰጧት እለምንዎታለሁ። ለእኛ ለሰዎች የተለመደና ቀላል የሚመስለን ይህ መድኃኒት፣ እንደ ፔኒሲሊንና እንደ ክሊንዳማይሲን ሁሉ፣ በጊኒ ፒግ አንጀት ውስጥ ምግብ የሚፈጩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገድሎ መርዝ የሚያመነጩት ክሎስትሪዲየም የተባሉት እንዲባዙ መንገድ ስለሚከፍት፣ እንስሳዋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። መጠኑን መቀነስም አያድናትም። ለጊኒ ፒግ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያዙት ትራይሜቶፕሪም ከሰልፋ ጋር ወይም ኤንሮፍሎክሳሲን ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ ክብደቷ ተለክቶ ነው የሚሰጠው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፣ በአንቲባዮቲክ እየተሻለ በየስድስት ሳምንቱ የሚመለስ የሽንት ሕመም በእኔ ግምት ተራ ኢንፌክሽን ሆኖ አይቀርም፤ ተደጋጋሚ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በጊኒ ፒግ በብዛት የምናገኘው ምክንያት በሽንት ፊኛ ውስጥ የተቀመጠ ጠጠር ነው። ጠጠሩ የፊኛውን ግድግዳ እየፋቀ ያደማዋል፣ ባክቴሪያም በላዩ ላይ ይደበቃል፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ለጊዜው ያስታግሰዋል እንጂ ጠጠሩን አያሟሟውም። እነዚህ ጠጠሮች አብዛኛውን ጊዜ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ስለሆኑ በራጅ ላይ ነጭ ሆነው በግልጽ ይታያሉ። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ከሌላ ዙር አንቲባዮቲክ በፊት ራጅ እንዲነሣላትና የሽንት ካልቸር (በሽንቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) እንዲሠራላት ይጠይቁ። ከጨርቁ ላይ የተቀዳ ሽንት ከውጭ ባክቴሪያ ጋር ስለሚቀላቀል ለካልቸር አይሆንም፤ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ በቀጥታ ከፊኛው ሊወስድ ይችላል። ሴት በመሆኗና ዕድሜዋም ስለገፋ፣ ደሙ ከማህፀኗ ሊመጣ ወይም በኦቫሪዋ (በእንቁላል ማምረቻዋ) ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ሊኖር ስለሚችል፣ ራጁ ምንም ካላሳየ አልትራሳውንድ እንዲታከል ይጠይቁ። የሽንቷ ነጭና ደፍራሳ መሆን ግን ብቻውን አያስደንግጥዎ፤ የጊኒ ፒግ ሽንት በተፈጥሮው እንዲሁ ነው። ሲደርቅ እንደ አሸዋ የሚሻክር ዝቃጭ ከተወ ግን ያን ጊዜ ነው የሚያሳስበው።

እስከ ሰኞ ድረስ መብላት ካቆመች ወይም እያማጠች ሽንት ጠብ ካልል ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ይውሰዷት። የጊኒ ፒግ አንጀት ያለ ምግብ ከግማሽ ቀን በላይ ከቆየ ሥራውን ማቆም ይጀምራል፤ ያ ደግሞ ከጠጠሩ ቀድሞ ይገድላል።

ትዝታ (አትላንታ)

ቅጠል የበዛበት ድርቆሽ ያሉት አልፋልፋ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ማሸጊያውን ቢያነቡት ጥሩ ነው። አልፋልፋ ለሚያድግና ለእርጉዝ እንስሳ የሚሆን መኖ ሲሆን፣ ስድስት ወር ላለፋት ጊኒ ፒግ ግን ቲሞቲ የተባለው የሣር ድርቆሽ ነው የሚመከረው፤ በአልፋልፋ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከቲሞቲው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጊኒ ፒግ የበላችውን ካልሲየም ከሰው ይበልጥ በብዛት ወደ ደሟ አስገብታ ትርፉን በሽንቷ ነው የምታስወጣው። ጎመኑም እዚያው ላይ ይደመራል፤ እዚህ አገር ለጎመን ወጥ የምንገዛው ኮላርድ በ100 ግራም ውስጥ 230 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ሲኖረው፣ ሮሜይን ሰላጣ 33፣ የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ ደግሞ 10 ብቻ ነው ያለው። ድርቆሹን ቢለውጡና ጎመኑን ቢያስቀሩ ችግሩ የሚፈታ ይመስለኛል።

ሁለት ወንድ ጊኒ ፒግ ያሳደገ (ለንደን)

የትዝታን ምክር እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ በምግብ ብቻ ይፈታል የሚለው ላይ አልስማማም። የእኔ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ሣር በልተው፣ ከአንድ ጠርሙስ ጠጥተው አንዱ ጠጠር ሲያበጅ ሌላው ንጹሕ ነበር። የታመመው ጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት በሰባተኛው ወር ሌላ አበጀ፤ ምግቡም ያኔ የተስተካከለ ነበር። ካልሲየምን ጨርሶ ለማጥፋት መሞከርም ጥርሳቸውንና አጥንታቸውን ስለሚጎዳ፣ ሐኪማችን አጥብቃ ከልክላናለች።

በእኛ ቤት ለውጥ ያመጣው ውኃው ነው ብዬ አምናለሁ። ከጠርሙሱ ሌላ በሁለት ቦታ ከባድ ሳሕን አስቀመጥን፣ ሰላጣውንም ውኃው ሳይራገፍ እንሰጠው ጀመር። ቫይታሚን ሲውን ከውኃው ጋር መቀላቀልም ተውን፤ ቶሎ የሚበላሽ ከመሆኑ በላይ ጣዕሙን ስለሚለውጠው ይጠጣ የነበረውን ይቀንስበት ነበር። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በራሷ መሥራት ስለማትችል በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ማግኘት አለባት፤ የቀይ ቃሪያ ቁራጭ አብዛኛውን ይሸፍነዋል። በየሳምንቱ እሑድ በወጥ ቤት ሚዛን እንመዝነው ነበር፤ ሁለተኛውን ጠጠር ያጋለጠልን ጩኸቱ ሳይሆን የ60 ግራም መቀነሱ ነው። ለወንዶች የሽንት ቱቧቸው ጠባብ ስለሆነ ይህ ጉዳይ ከቡኒ ይበልጥ አስፈሪ እንደሆነም ለሚያነቡ ሁሉ ልጠቁም።

የቡኒ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። አሞክሳሲሊኑን ጣልኩት። ሰኞ ራጅ ተነሣች፤ በፊኛዋ ውስጥ 7 ሚሊሜትር የሚሆን አንድ ክብ ጠጠር ታየ፤ ካልቸሩም ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ አሳይቷል። በራሷ እንዳታስወጣው ትልቅ ነው ስላሉን ረቡዕ ዕለት በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደ ውሻና ድመት ምግብ እንዳንከለክላት፣ ከዚያ በኋላም በሲሪንጅ የተበጠበጠ መኖ እንድንመግባት ነገሩን፤ ለሕመሟ ሜሎክሲካም፣ ለባክቴሪያው ደግሞ በካልቸሩ የተመረጠ መድኃኒት ለሦስት ሳምንት ታዞላታል። ድርቆሹም ትዝታ እንዳለችው አልፋልፋ ሆኖ ተገኘ፤ አሁን ከቲሞቲ ጋር እየቀላቀልን ቀስ በቀስ እየለወጥን ነው፤ በአንድ ቀን ብንለውጠው አንጀቷ ይታወካል ተብለናል።

እናቴን ማሳመኑ ከሁሉ የከበደው ነበር፤ «ጎመን ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል» እያለች ሁለት ቀን ተከራከረችኝ። ራጁን ካሳየኋት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቃሪያ የምትቆርጥላት እሷ ሆናለች። ዛሬ ቡኒ 945 ግራም ሆናለች፤ ቀጣዩ ራጅ ከሦስት ወር በኋላ ነው።