«ፑት ኦፍ» ሁልጊዜ «ማስተላለፍ» ማለት ነውን?

ጥያቄ

አንድ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግስ ግራ አጋብቶኛል። «ፑት ኦፍ» ማለት አንድን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ እንደሆነ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ስብሰባ ወይም ፈተና ሲራዘም በዚህ ግስ መገለጹ አስቸግሮኝ አያውቅም። ሰሞኑን ግን «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ» የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጠመኝና በማውቀው ፍቺ ብተረጉመው «ሽታው ለሌላ ጊዜ አስተላለፈኝ» የሚል አስቂኝ ነገር ወጣልኝ። «ፑት»ን «ማስቀመጥ»፣ «ኦፍ»ን «መራቅ» ብዬ ባገጣጥማቸውም የተሻለ ነገር አላገኘሁም። የግሱን ፍቺዎችና በየፍቺው ሊተኩት የሚችሉትን ቃላት ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የመጀመሪያ መልስ

ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ፈትቶ መገጣጠም እምብዛም አያዋጣም። እኛም «ቁጭ አለ» ወይም «ብድግ አለ» ስንል ሰውዬው ተናገረ ማለታችን አይደለም፤ «ዝም አለ» ደግሞ ጭራሽ የመናገር ተቃራኒ ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «አለ»ን በመዝገበ ቃላት ፈልጎ «ዝም አለ»ን ሊደርስበት እንደማይችል ሁሉ፣ «ፑት ኦፍ»ንም እንደ አንድ ቃል መያዝ ይሻላል።

እርስዎን የሚያወጣዎት የግሱን ተሳቢ ማየት ነው። ግሱ የሚያርፍበት ነገር ስብሰባ፣ ጉዞ፣ ውሳኔ ወይም ሌላ ሊፈጸም የታሰበ ተግባር ከሆነ ፍቺው ማስተላለፍ ወይም ማዘግየት ነው። የሚያርፍበት ሰው ሲሆን ግን ማስጠላት፣ ፍላጎትን መዝጋት፣ ካሰቡት ነገር እንዲመለሱ ማድረግ ይሆናል። ስለዚህ ያነበቡት ዐረፍተ ነገር «ሽታው አስጠላኝ»፣ ወሬው ስለ መብል ከሆነም «ሽታው የምግብ ፍላጎቴን ዘጋው» ተብሎ ይተረጎማል።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎላው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። «አይ ፑት ኦፍ ሪዲንግ ዘ ቡክ» ሲባል መጽሐፉን ማንበቤን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት ማለት ሲሆን፣ «ዘ ከቨር ፑት ሚ ኦፍ ሪዲንግ ዘ ቡክ» ሲባል ግን ሽፋኑ መጽሐፉን የማንበብ ፍላጎቴን አጠፋው ማለት ነው። በመጀመሪያው አንባቢው አንድ ቀን ሊያነበው ያስባል፤ በሁለተኛው ሐሳቡን ትቶታል። ይህን ሁሉ የለወጠችው «ሚ» የምትባል አንዲት ተውላጠ ስም ናት። በሁለቱም ቦታ ተከታዩ ግስ «ሪዲንግ» መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ «ቱ ሪድ» ማለት ስሕተት ነው።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ስለ ተተኪ ቃላቱ ልጨምር። በማስተላለፍ ፍቺው በጣም የሚቀርበው «ፖስትፖን» ነው። ከላቲን የመጣና «ከኋላ ማስቀመጥ» የሚል መነሻ ያለው ስለሆነ ምስሉ እንኳ ከ«ፑት ኦፍ» ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ «ፖስትፖን» ለደብዳቤና ለማስታወቂያ የሚስማማ መደበኛ ቃል መሆኑ ነው። «ዲፈር» ከእርሱም የጠነከረ ሲሆን በተለይ ከክፍያና ከውሳኔ ጋር ይሄዳል። «ዲሌይ»ን ግን በጥንቃቄ ይጠቀሙበት፤ አውሮፕላን በጭጋግ ምክንያት ሲዘገይ «ዲሌይ» ይባላል፣ «ፑት ኦፍ» ግን አስቦ የሚያስተላልፍ ሰው ይፈልጋል።

ከሁሉ የምወደው «ፕሮክራስቲኔት» ነው። በውስጡ ያለው «ክራስ» በላቲን «ነገ» ማለት ስለሆነ ከእኛ «ዛሬ ነገ ማለት» ጋር ወንድማማች ይመስለኛል፤ የሚነገረውም ሥራውን በስንፍና ለሚያቆይ እንጂ በቂ ምክንያት ላለው ሰው አይደለም።

በማስጠላት ፍቺው ከታሰበ ነገር መመለስን ለመግለጽ «ዲተር» ወይም «ዲስከሬጅ»፣ መጸየፍን ለመግለጽ ደግሞ ጠንከር ያለው «ዲስገስት» ይገባል። በተለይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ የሚሰማ ሌላ ፍቺም አለ፤ አንድ ሰው ሲጽፍ ትከሻው ላይ ቆሞ የሚመለከት ሌላ ሰው ሐሳቡን ቢበትንበት ይኸው ግስ ይነገራል፤ ተተኪውም «ዲስትራክት» ነው። «ኮል ኦፍ» ግን ጨርሶ መሰረዝ ስለሆነ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይምታታብዎ።

ሦስተኛ መልስ

ተሳቢውን የማየቱ መንገድ ጥሩ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አይታመንም። «ዊ ሃድ ቱ ፑት ዘም ኦፍ» የሚለው ስለ ተጋበዙ እንግዶች ከተነገረ፣ ተሳቢው ሰው ሆኖ ሳለ ፍቺው «ቀጠሯቸውን ለማራዘም ወይም ለመሰረዝ ተገደድን» ይሆናል፤ ማንም ማንንም አላስጠላም። አበዳሪውን በሰበብ አስባብ እየመለሰ የሚያቆይ ተበዳሪም በዚሁ ግስ ይገለጻል። ስለዚህ ተሳቢው ሰው ሲሆን «ይህን ሰው የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው ወይስ ሽታ፣ ዋጋ፣ መልክ?» ብሎ ባለቤቱንም መጠየቅ ያስፈልጋል። «ኦፍ ፑቲንግ» የሚለው ቅጽል ግን አያሻማም፤ የሚያስጠላ ወይም የሚያርቅ ማለት ብቻ እንጂ የተላለፈ ማለት ከቶ አይሆንም።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ «ፑት ኦፍ ኢት» ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?

የመጀመሪያው መላሽ

አያስኬድም። ተውላጠ ስም ሲሆን በመካከል ገብቶ «ፑት ኢት ኦፍ» መባል አለበት። ስም ሲሆን ግን «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ»ም «ፑት ዘ ሚቲንግ ኦፍ»ም ትክክል ናቸው፤ ስሙ ረዥም ገላጭ ካስከተለ የፊተኛውን ይምረጡ፣ አለዚያ አንባቢው «ኦፍ»ን ሲጠብቅ ግሱን ይረሳዋል።