የአክታ ውጤት እስኪደርስ ሥራ ልግባ ወይስ ልቅር?

ያለሁት ጅማ ነው፤ ቡና ለቃሚ ነኝ። መጋዘን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ነው የምንቀመጠው፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ አቧራው አይጣል ነው። ሳሉ ከያዘኝ 2 ሳምንት አልፎታል፤ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል፣ ቀሚሴም ሰፍቶኛል። ዳማከሴ ጠጣሁ፣ ከፋርማሲ ሽሮፕ ወሰድኩ፤ ወይ ፍንክች! ጤና ጣቢያ ለቲቢ ምርመራ አክታ ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱ ገና አልደረሰም።

የምከፈለው በቀን ነው፤ አሠሪው «ከቀረሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ» ብሎኛል። አጠገቤ የምትለቅመው ልጅ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷን ሳስብ እግሬ አልሄድ ይለኛል። ማስክ አለኝ፣ በሩ ጋ ብቻዬን መቀመጥም እችላለሁ። በተለይ የጤና ባለሙያ የሆናችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ማስክ አድርጌ ልግባ ወይስ ጭራሽ ልቅር?